ሰባተኛ ክፍል የት ይግባ?

ትኩረት መሰብሰብ ለሚያስቸግረው ልጃችን ትምህርት ቤት ስንመርጥ የተማርነው

ግንቦት ወር ላይ አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "እማዬ፣ ነገ ወላጅ አምጣ ተብያለሁ" አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። በዚያ ዓመት ብቻ ስድስተኛው "ወላጅ አምጣ" ነበር።

በማግስቱ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ስገባ የልጄ ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። በአንዱ ገጽ ላይ የሂሳብ ጥያቄ፣ የአማርኛ ድርሰትና የእግር ኳስ ሜዳ ሥዕል ተጋፍተው ይታያሉ። ተጀምሮ ያልተጨረሰ የቤት ሥራ አለ፤ የባሰው ደግሞ ተጨርሶ ለመምህሩ ያልተሰጠው ነበር። ዩኒት ሊደሩ ክፉ ሰው አይደሉም። "ልጅዎ ጭንቅላት አለው፤ ልብ ግን የለውም። እስካሁን መምህራኑ ስለሚያውቁት ችለውታል። ሰባተኛ ክፍል ከዚህ ይከብዳል፤ ለከርሞ ሌላ ትምህርት ቤት ቢፈልጉለት ይሻላል" አሉኝ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንባዬን እየዋጥኩ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ይህን ልጅ ማን ይቀበልልኛል?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጭንቀት የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአምልኮ በኋላ ግቢ ውስጥ ስንጨዋወት "የኔም እኮ እንዲሁ ነው" ያላለችኝ እናት ጥቂት ናት። ስለዚህ በዚያ ክረምት የሠራነውን ስህተትም ሆነ ያገኘነውን ጥቅም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ችግሩን በስሙ መጥራት

ልጃችን ዐሥር ዓመት ሲሆነው የሕፃናት ሐኪሙ ወደ ሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ልከውን ነበር። እዚያ ያገኘናቸው ሐኪም የደም ምርመራ አላዘዙም፤ ለዚህ ችግር እንዲህ ያለ ምርመራ የለውምና። ይልቁንስ ስለ ልጁ ኑሮ ብዙ ጠየቁን። ችግሩ በቤትም በትምህርት ቤትም ይታያል? ከስድስት ወር በላይ ቆይቷል? የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው? ዐይኑንና ጆሮውን አስመረመሩን፤ ስለ እንቅልፉና ስለ ንባቡም አጥብቀው ጠየቁን። ሰሌዳው በደንብ የማይታየው፣ በቂ እንቅልፍ የማያገኝ፣ ፊደል ማንበብ የሚያስቸግረው ወይም ለአፍታ አፍዝዞ የሚተወው የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅም ትኩረት ያጣ ሊመስል እንደሚችል አስረዱን።

በመጨረሻ የነገሩን ስም ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለውን ነው። በአማርኛ ትኩረት የማጣትና ከመጠን በላይ የመቅበጥበጥ ችግር ልንለው እንችላለን። በዓለም ላይ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። ዘመን ያመጣው ነገርም አይደለም፤ ጆርጅ ስቲል የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ላይ በሰጣቸው ትምህርቶች ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ተናግሮ ነበር።

ችግሩ በሁሉም ልጅ ላይ አንድ መልክ የለውም። አንዳንዱ ልጅ እንደኔው መቀመጥና ተራ መጠበቅ አይችልም። ሌላው አይረብሽም፤ ዐይኑ ሰሌዳው ላይ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይውላል። ሁለቱ የሚደራረቡበትም አለ። ሴቶች ልጆቻችን ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ዝም ካሉት ወገን ስለሚሆኑ የሚያስተውላቸው የለም። "ጨዋ ናት፤ ትምህርት ግን አይገባትም" ተብለው ይታለፋሉ።

በአሳዳጊ ብልግና ወይም በስኳር ብዛት የሚመጣም አይደለም። ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የመተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ በእኛ ቤት ትልቅ ነገር የለወጠው እርሱ ነውና።

አንዳንድ እህቶች ፍቅር ይዟቸው "ይህ መንፈስ ነው፤ ይጸለይለት" ብለውኛል። ጸሎቱን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ዛሬም እጸልይለታለሁ። ነገር ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ስላቃተው ብቻ "መንፈስ አለበት" የተባለ ልጅ ቃሉን ሰምቶ ይዞት ያድጋል። የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ይዘው በአዲስ አበባ ወደ የካቲት 12 እና ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሚሄዱ 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። አብዛኞቹ አሳዳጊዎች የችግሩን ምክንያት ሲያስረዱ የሕክምናውንም የመንፈሳዊውንም አብረው ጠቅሰዋል። ከሁሉ በላይ የጎደለን ያሉት ግን የልጃቸውን ትምህርት ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። መድኃኒት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውንም ጎረቤት ሳይሆን ሐኪም ይወስነው።

ሰባተኛ ክፍል ለምን ይከብዳል?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ቆመዋል። በአዲስ አበባ በሁለቱም ጫፍ፣ ማለትም በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ማብቂያ፣ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። ልጁ ሰባተኛ ሲገባ ወደ ዐሥር የሚጠጉ የትምህርት ዓይነቶች ይጠብቁታል። ጠቅላላ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ ሳይንስ፣ የዜግነት ትምህርትና ሌላውም እያንዳንዱ የራሱ መምህር፣ የራሱ ደብተር፣ የራሱ የቤት ሥራ አለው። አንዱ መምህር "ለማክሰኞ" ሲል ሌላው "ለረቡዕ" ይላል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ችሎታ ነው፤ ራስን ማደራጀት። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ያለበት ልጅ የጎደለው ደግሞ ይኸው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የእነዚህ ልጆች የአንጎል ሽፋን እድገት በሌሎቹ ልጆች በሰባት ዓመት ተኩል ገደማ የሚደርስበት ደረጃ ላይ የደረሰው በዐሥር ዓመት ተኩል ገደማ ነበር። መዘግየቱ ጎልቶ የታየው ዕቅድ በማውጣትና ራስን በመግታት ሥራ ላይ በሚሳተፈው በፊተኛው ክፍል ነው። ሐኪማችን ይህን ሲተረጉሙልን "ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ብላችሁ ስትቆጡት፣ ቦርሳ በማዘጋጀት በኩል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እየተቆጣችሁ ሊሆን ይችላል" አሉን። የማሰብ ችሎታው አልቀነሰም፤ የሚይዘው እጅ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው የረዘመው።

ትምህርት ቤት ስንመርጥ መነሻችን ይህ መሆን ነበረበት። አልሆነም።

ስም ያለው ትምህርት ቤት

ባለቤቴ "ጥብቅ ትምህርት ቤት ያስተካክለዋል" የሚል ነበር። እኔም በልቤ ከእርሱ ብዙም አልራቅሁም፤ ሰው "ልጅሽ የት ይማራል?" ሲለኝ የሚያኮራ ስም መጥራት እፈልግ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣሉ ወደሚባልለት አንድ ትምህርት ቤት ወሰድነው። የመግቢያ ፈተናውን አለፈ። ባለቤቴ ያን ቀን ኬክ ይዞ መጣ።

እኔ ግን ከመክፈላችን በፊት አንድ የሥራ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁ። ክፍሎቹ ሞልተው ተጨናንቀዋል። ኮሪደሩ ላይ ሦስት ልጆች ደብተር ረስታችኋል ተብለው ተንበርክከዋል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተማሪዎች ደረጃ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ተለጥፏል። ሰርቪሱ ከሰፈራችን የሚነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የልጄን ሁኔታ ሳስረዳቸው ምክትል ርዕሰ መምህሩ "እንግዲያው እንዳይረብሽ ፈርመው ያስገቡት" አሉኝ። ዐይኔ ወደ ተንበረከኩት ልጆች ሄደ። ደብተር መርሳት የልጄ የዕለት ሥራ ነው፤ በየቀኑ ሊንበረከክ ነው ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ስናገር ተጣላን። ባለቤቴ "አንቺ እያቀማጠልሽው ነው የተበላሸው" አለኝ። አማቴ ጥግ ላይ ቡና እየቆሉ ሁሉን ይሰሙ ነበር። ቀስ ብለው "አንተስ ምን ነበርክ?" አሉት። "ስንት አርጩሜ ሰበርኩብህ! አምስተኛ ክፍልን ሁለቴ ነው የተማርከው። ልብ የገዛኸው ያ የሂሳብ አስተማሪህ ፊት አስቀምጠው ሰሌዳ የማጥፋቱን ሥራ ለአንተ ከሰጡህ ወዲህ ነው። የኔማ ዱላ ምን ፈየደ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ስኒውን ሲያዞር ቆየና "ልክ ነው፤ እኚያ ሰውዬ ናቸው" አለ። በማግስቱ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣ።

ስንጎበኝ ምን እንይ? ምን እንጠይቅ?

ከዚያ በኋላ አምስት ትምህርት ቤቶች ጎበኘን። ሁለቱ የመንግሥት፣ ሦስቱ የግል ነበሩ። የወላጆች ቀን ላይ ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል፤ ስለዚህ ከተቻለ ትምህርት በሚሰጥበት ቀን ሂዱ፤ የዕረፍት ሰዓት ላይም ቆማችሁ ተመልከቱ። የሚከተሉት ጥያቄዎች ረድተውናል።

*ልጄን የሚከታተለው ማን ነው?* ዐሥር መምህራን ባሉበት ሁሉም የሚያውቀው ልጅ የማንም ላይሆን ይችላል። "ሁላችንም እንከታተላለን" የሚል መልስ አይበቃም። የክፍል ኃላፊው ወይም ሌላ አንድ ሰው በስም ይነገራችሁ፤ ከተቻለም አግኙት።

*ደብተር ቢረሳ ምን ይደረጋል?* ስለ ቅጣት በጥቅሉ ስትጠይቁ ጥሩ መልስ ታገኛላችሁ። እንዲህ በዝርዝር ስትጠይቁ ግን እውነቱ ይወጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ልጄ እንዳይመታ ስትሉ ውለታ እየጠየቃችሁ አይደለም።

*የት ይቀመጣል?* በር፣ መስኮትና የኋላ ወንበር ለእነዚህ ልጆች ፈተና ናቸው። ከፊት፣ መምህሩ እጁ የሚደርስበት ቦታ፣ ረጋ ካለ ልጅ አጠገብ ቢቀመጥ ወጪ የለውም፤ ለውጡ ግን ብዙ ነው።

*መንቀሳቀሻ አለው?* ዕረፍቱ ስንት ደቂቃ ነው? ሜዳ አለ? ስፖርት በእርግጥ ይሰጣል ወይስ ሰዓቱ ለሂሳብ ማካካሻ ይወሰዳል? የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ዕረፍት ይከለከላል? መሮጥ ለሚያስፈልገው ልጅ ዕረፍት መከልከል ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ማበላሸት ነው።

*ፈተና ላይ ምን ሊደረግ ይችላል?* ልጄ የፈተና ወረቀቱን ጀርባ ሳያይ የሚያስረክብበት ጊዜ ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱ በራሱ ፈተናዎች ላይ ጥቂት ደቂቃ ሊጨምርለት፣ ወይም ቢያንስ "ጀርባውን አየኸው?" የሚለው ሰው ሊኖር ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

*ከቤት ምን ያህል ይርቃል?* የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ማታ በ2 ሰዓት መተኛት ሊኖርበት ነው። በአዲስ አበባ መንገድ በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ይክሳል።

*ከወላጅ ጋር በምን ትገናኛላችሁ?* ኮሙኒኬሽን ቡክ በየቀኑ ይጻፍበታል ወይስ ጥፋት ሲኖር ብቻ? በጎ ነገርስ ይጻፍበታል?

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከክፍያ ጋር አይገናኙም። የጎረቤቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍልን የተማረችው መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። የክፍል ኃላፊዋ በየሳምንቱ ዓርብ ደብተሯን ለአምስት ደቂቃ አብረዋት ስለሚያዩላት ብቻ ዓመቱን በደህና ጨረሰች። ውድ ከፍለው ልጃቸውን በየወሩ "አንሡልን" የሚባሉ ወላጆችም አውቃለሁ።

እንናገር ወይስ እንደብቅ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት አሳድሮናል። ብንናገር እንዳይቀበሉት፣ ከተቀበሉም እንዳይስቁበት ፈራን። ብንደብቅ ደግሞ በጥቅምት "ሰነፍ" መባሉ አይቀርም።

በመጨረሻ ለመናገር ወሰንን፤ አነጋገራችንን ግን አስተካከልን። የበሽታ ስም ይዘን አልገባንም። አንድ ገጽ ጻፍን፤ ሦስት ጎበዝ የሆነባቸውን ነገሮች፣ ሦስት የሚያስቸግሩትን፣ ሦስት የሚረዱትን። የሐኪሙን ወረቀት አያያዝንበት። አንድ ትምህርት ቤት ወረቀቱን አይቶ "ቦታ ሞልቷል" አለን፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት ግን ቦታ ነበረ። ያን ቀን አዘንሁ። አሁን ሳስበው ግን በኅዳር ከምሰማው በሐምሌ መስማቴ ይሻል ነበር።

አራተኛው ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ የሚርቅ፣ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ወረቀቱን አንብበው ቀና አሉና ልጄን ራሱን "ከሁሉ የምትወደው ምንድን ነው?" አሉት። ስለ ራዲዮ መፍታትና መግጠም ዐሥር ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ አወራቸው። አላቋረጡትም። ከዚያ "እኛ ባለሙያ የለንም፤ ግን ምን እንደምናደርግ ብትነግሩን እንሞክራለን" አሉን። ባለቤቴ አየኝ። ሜዳው ጠባብ ነው፤ ቤተ ሙከራው ያን ያህል አይደለም። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤቱም መካከለኛ ነው። አምስተኛውንም ለመጎብኘት ያህል ጎበኘነው እንጂ ልባችን እዚያው ቀርቶ ነበር። አስመዘገብነው።

ከምዝገባ በኋላ

ጥሩ ትምህርት ቤት ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጃችንን ይዘን ባዶውን ግቢ አሳየነው፤ ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ የመምህራን ክፍሉን። ለእያንዳንዱ ትምህርት ደብተር የተለያየ ቀለም ሽፋን ለበደን፤ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውም ላይ ያንኑ ቀለም ቀባን። ቦርሳ የሚዘጋጀው ማታ ከእራት በፊት ሆነ፤ ጠዋት የሚፈለግ ደብተር የለም። የቤት ሥራ ሃያ ደቂቃ ተሠርቶ አምስት ደቂቃ ይነሣል፤ ከዚያ ይቀጥላል። አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ የራሱን ሥራ ይሠራል። ልጁ እንዳይመስለው እንጂ፣ መረጋጋቱን ሁለቱም አብረው እየተማሩት ነው።

ለክፍል ኃላፊው ደግሞ አንድ ልመና አቀረብን፤ ሰሌዳ የማጥፋቱ ሥራ የእርሱ እንዲሆን። አማቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ጥቅምት ላይ ሁለት ሹራብና አንድ ሙሉ ቦርሳ ጠፍቷል። የእንግሊዝኛ መምህሩ እስካሁን ይከብዱታል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ካርዱ ላይ የወጣው ደረጃ ለዘመድ የሚነገር አይደለም።

ነገር ግን ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ስመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ልቤ ደነገጠ። "እማዬ፣ ኮሙኒኬሽን ቡኬን እዪው" አለኝ። የክፍል ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጽፈዋል፦ "ዛሬ የቤት ሥራውን ሳይጠየቅ አስረክቧል።" ልጄ መስመሩን እኔ አንብቤ እስክጨርስ ፊቴን እያየ ጠበቀ። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ክረምት ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የምትንከራተቱ ካላችሁ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ትታችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ፈልጉ። ልጃችሁን ቀና ብሎ የሚያይ አንድ መምህር ካገኛችሁ፣ ጸሎታችሁ ከግማሽ በላይ ተመልሷል።